ማጣሪያ የጎደለው ኃይል መለወጫና የአስመጪው ኃላፊነት

በንግድ ዓለም ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። አንደኛው ገዢው አይቶ፣ ዳስሶና መዝኖ የሚረከበው ነው፤ ጤፍ በእፍኝ ተዘግኖ ይታያል፣ ቡና ተቆልቶና ተፈልቶ ይቀመሳል፣ ጨርቅ በጣት ታሽቶ ይፈተናል። ሁለተኛው ግን ደኅንነቱም ሆነ ጉድለቱ በሽፋኑ ውስጥ ተሰውሮ የሚሸጥ ነው፤ ይህን የሚገዛ ሰው የሚያምነው ዕቃውን ሳይሆን ሻጩን ነው። በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ንግድ የተሰማራ ነጋዴ ከሌላው ይልቅ የከበደ አደራ አለበት። ከእነዚህም ሥውር ዕቃዎች መካከል በዛሬው ጊዜ ከፍ ያለ ትኩረት የሚያሻቸው የኤሌክትሪክ ኃይል መለወጫዎች ናቸው።

ኃይል መለወጫ ማለት የኤሌክትሪክን ኃይል ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ የሚያዞር መሣሪያ ነው። በገበያ አነጋገር ኢንቨርተር፣ ቻርጀር፣ አዳፕተር፣ ፓወር ሰፕላይ የሚባሉት ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ከፀሐይ ሰሌዳ የመጣውን ቀጥተኛ ጅረት ለውኃ መሳቢያ ሞተር የሚያመቻቸው፣ በፋብሪካ ውስጥ የሞተርን ፍጥነት እንደ ሥራው ጠባይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ የኤል ኢ ዲ አምፖልን የሚያበራው፣ የኤሌክትሪክ መኪናን ባትሪ የሚሞላው ይኸው መሣሪያ ነው። በተለይም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ የመኪና ቻርጀር በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ሳይቀር የሚተከል ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ የመለወጫዎች ጥራት የጥቂት መሐንዲሶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነጋዴውም፣ የሸማቹም፣ የጎረቤቱም ጉዳይ ሆኗል።

መለወጫው ተግባሩን የሚፈጽመው ኃይሉን እጅግ በፈጠነ ማብራትና ማጥፋት በመቆራረጥ ነው። ለሞተር የሚያገለግለው ኢንቨርተር እንደ መጠኑ በሴኮንድ ከ2000 እስከ 16000 ጊዜ ያህል ይቆራርጣል፤ ትንሹ የስልክ ቻርጀር ደግሞ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይቆራርጣል። ይህ ዘዴ ኃይል አያባክንም፤ ዕቃውንም አነስተኛና ቀላል ያደርገዋል። በዚህ ረገድ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ አይገባውም። ነገር ግን በረከቱ ከነጣጣው የመጣ ነው። በ380 ቮልት መስመር ላይ በሚሠራ ኢንቨርተር ውስጥ ቮልቴጁ ከታች ተነሥቶ ከ500 ቮልት በላይ የሚደርሰው በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ አንድ አሥረኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው። በማብሪያው ክፍልና ሙቀት በሚያወጣው ብረት መካከል፣ በሞተሩ ጥምጥምና በሞተሩ ገላ መካከል፣ እንዲሁም በኬብሉና በመሬት መካከል ያለው ስስ መለያ ማንም ሳያስበው እንደ ትንሽ ካፓሲተር ይሠራል። ይህ ያልታሰበ ካፓሲተር 100 ፒኮፋራድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ቮልቴጁ በተባለው ፍጥነት በዘለለ ቁጥር ግማሽ አምፔር ያህል ጅረት ወደ መሬት ይረጫል። ባለሙያዎች ኖይዝ የሚሉት የኤሌክትሪክ ረብሻ ዋና ምንጩ ይህ ነው።

ረብሻው ሁለት ጠባይ አለው። የመጀመሪያው በአንደኛው ሽቦ ወጥቶ በሁለተኛው ሽቦ የሚመለስ ነው። ሁለተኛው ኮመን ሞድ የሚባለው ሲሆን፣ በሁሉም ሽቦዎች ላይ በአንድ አቅጣጫ አብሮ ተጉዞ በመሬት በኩል የሚመለስ ነው። በምሳሌ ሲነገር፣ የመጀመሪያው በቦይ ገብቶ በቦይ እንደሚወጣ የመስኖ ውኃ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከቦዩ ግድግዳ ሰርጎ በጎረቤት ማሳ ላይ እንደሚፈልቅ ውኃ ነው። ባለቦዩ ውኃው መጥፋቱን ልብ አይልም፤ የጎረቤቱ ሰብል ግን ይበሰብሳል። የነገሩ ክብደትም በዚሁ ላይ ነው፤ ማጣሪያ የሌለውን ዕቃ የገዛው ሰው ጉዳቱን ላያየው ይችላል፤ ጉዳቱን የሚሸከመው ዕቃውን ያልገዛ፣ ከዋጋው ቅናሽም አንድ ሳንቲም ያልተጠቀመ ሌላ ሰው ነው።

ጉዳቱ በብዙ መልክ ይገለጣል። መካከለኛ ሞገድ የሚባለው የሬዲዮ ክፍል ከ530 እስከ 1600 ኪሎኸርዝ ገደማ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከመለወጫ የሚወጣው ረብሻ በዚሁ ክልልና ከዚያም በላይ ስለሚሰራጭ የሩቅ ጣቢያ ድምፅ በጩኸት ይዋጣል። በፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የሙቀትና የግፊት መለኪያዎች የሚልኩት ምልክት የጥቂት ሚሊቮልት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ረብሻው በቀላሉ ያናውጠዋል፤ ዲጂታል ሚዛን ሲዋልል፣ መቆጣጠሪያ ያለ ምክንያት ሥራ ሲያቆም፣ ባለሙያው በመለኪያው ላይ ያመካኛል፤ ጥፋቱ ግን ከግድግዳው ወዲያ ካለው ኢንቨርተር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ በገንዘብ የሚከብደው የሞተር ኩሽኔታ ጉዳት ነው። በሞተር ዘንግ ላይ የሚያልፍ ጅረት ኩሽኔታን እንደሚበላ አልጀርና ሳምሰን የተባሉ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1924 ጽፈው ነበር። ፈጣን ማብሪያ ያላቸው ኢንቨርተሮች ከተስፋፉ በኋላ ደግሞ ኤርድማን፣ ከርክማን፣ ሽሌግልና ስኪቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የኮመን ሞድ ቮልቴጅ በዘንጉ ላይ ተጠራቅሞ የኩሽኔታውን የዘይት ሽፋን እየበሳ እንደሚያልፍ አስረድተዋል። እያንዳንዷ ብልጭታ በብረቱ ላይ የምትተወው ጠባሳ በዓይን አይታይም፤ ሲደጋገም ግን የኩሽኔታው መንገድ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ይሸነተራል። የሞተሩ ባለቤት ኩሽኔታውን እየለወጠ በቅባቱ ወይም በኩሽኔታው ሻጭ ያማርራል፤ እውነተኛው ምክንያት ሳይነካ ይቀራል።

መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ የታወቀና የተፈተነ ነው። የኮመን ሞድ ማጣሪያ ዋና አካሉ አንድ የማግኔት ቀለበትና በላዩ የተጠመጠሙ ሁለት፣ በሦስት ፌዝ መስመር ላይም ሦስት፣ የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። ለሥራ የሚፈለገው ጅረት በአንዱ ሽቦ ገብቶ በሌላው ስለሚመለስ በቀለበቱ ውስጥ የሚፈጥራቸው ማግኔታዊ ኃይሎች እርስ በርሳቸው ይሻሻራሉ፤ ስለዚህ ያለ እንቅፋት ያልፋል። ረብሻው ግን በሁሉም ሽቦዎች ወደ አንድ ወገን ስለሚጓዝ ማግኔታዊ ኃይሉ ይደማመራል፤ በዚህም ጊዜ ቀለበቱ እንደ ግንብ ሆኖ ይገታዋል። ቾክ የሚባለው ይህ ክፍል ነው። ከእርሱም ጋር ዋይ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች ከየሽቦው ወደ መሬት ይያያዛሉ፤ ሥራቸውም ረብሻው ወደ ጎረቤት ከመሄዱ በፊት ወደ ተነሣበት መሣሪያ የሚመለስበትን አጭር መንገድ መክፈት ነው።

የቀለበቱ ፌራይት በጃፓን በካቶና በታኬይ እ.ኤ.አ. በ1930 የተፈለሰፈ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህንኑ ለገበያ ለማቅረብ ቲዲኬ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ብርታቱም በስሌት ይታያል። 10 ሚሊሄንሪ የሆነ ቾክና እያንዳንዳቸው 4.7 ናኖፋራድ የሆኑ ሁለት ካፓሲተሮች አብረው ቢሠሩ ማጣሪያው ከ16 ኪሎኸርዝ ገደማ ጀምሮ መግታት ይጀምራል፤ 150 ኪሎኸርዝ ላይ ሲደርስ በንድፈ ሐሳብ ረብሻውን ከ80 እጅ ወደ 1 እጅ ዝቅ ያደርገዋል። በተግባር ውጤቱ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ አንድ ቀለበት፣ ጥቂት መዳብና ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች ይህን ያህል ሥራ መሥራታቸው የሚያስደንቅ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከታወቀ ጉድለቱ ለምን ቀረ? መልሱ በምሕንድስና ውስጥ ሳይሆን በንግድ ውስጥ ይገኛል። ማጣሪያው ቢኖርም ባይኖርም መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩም ይዞራል፤ ስለዚህ ዋጋ ለመቀነስ የሚሻ አምራች አስቀድሞ የሚያስወግደው ይህንኑ ክፍል ነው። የአንዳንድ ርካሽ መለወጫ ሽፋን ሲከፈት ለቾኩና ለካፓሲተሩ የተዘጋጀው ቦታ በሰሌዳው ላይ ታትሞ፣ ዕቃው ግን ሳይገባ፣ በቾኩም ምትክ ተራ ሽቦ ተበይዶ ይገኛል። ይህ ማለት መሐንዲሱ ማጣሪያው እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር፤ ያስቀረው ሒሳብ ሠሪው ነው ማለት ነው።

በሌላው ዓለምም ይህ ጉድለት በገበያ ውድድር ብቻ አልተወገደም። የሬዲዮ ረብሻን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ፣ በአጭር ስሙ ሲስፕር፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ለኮምፒዩተር መሰል ዕቃዎች የረብሻ ወሰን የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የአውሮፓ ማኅበር በ1989 ያወጣው መመሪያ ከ1996 መጀመሪያ ጀምሮ በሙሉ አስገዳጅ ሆነ፤ ዛሬ የሚሠራበትም በ2014 የታደሰው ነው። በሲስፕር ደንብ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ መሣሪያ ከ500 ኪሎኸርዝ እስከ 5 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል በኃይል መስመሩ ላይ የሚለቀው ረብሻ ከ56 ዴሲቤል ማይክሮቮልት፣ ይኸውም ከ630 ማይክሮቮልት ገደማ፣ እንዲበልጥ አይፈቀድለትም። ከ500 ቮልት በላይ ከሚቆራርጥ መሣሪያ ከአንድ ሺህኛ ቮልት በታች ብቻ እንዲያመልጥ መጠየቁ ጥብቅ ቢመስልም፣ ማጣሪያ ያለው ዕቃ በየዕለቱ የሚያሟላው ወሰን ነው።

ከነጋዴዎች ወገን ሦስት ክርክሮች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ሦስቱም በቅን ልቡና ሊመዘኑ ይገባል።

የመጀመሪያው የዋጋ ክርክር ነው። «ማጣሪያ ያለውን ባመጣ፣ ማጣሪያ የሌለውን ያመጣው ባልንጀራዬ ገበያዬን ይወስድብኛል» የሚለው አስመጪ ሐሰት አይናገርም። ጥሩው ነጋዴ በጥሩነቱ የሚቀጣበት ገበያ የታመመ ገበያ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ሁሉም መጥፎውን ያምጣ የሚል ሳይሆን፣ ደንቡ በሁሉም ላይ እኩል ይጽና የሚል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ማጣሪያ በፋብሪካ ሲገባና ዕቃው ከተተከለ በኋላ ለብቻው ተገዝቶ ሲጨመር ዋጋው አንድ አይደለም፤ በኋላ የሚጨመረው የራሱን ሳጥን፣ የራሱን ቦታና የባለሙያ ቀን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ያለ ነው፤ ይኸውም በብዙ ቤቶች የመሬት ሽቦ ስለሌለ ማጣሪያው አይጠቅምም የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ዋይ ካፓሲተሮች የመሬት ሽቦ ካላገኙ የመሣሪያውን የብረት ገላ ወደ 110 ቮልት ገደማ፣ ማለትም ወደ መስመሩ ግማሽ፣ ያነሡታል፤ ጅረቱ እጅግ ትንሽ ቢሆንም የነካውን እጅ ይነዝራል። አንድ 4.7 ናኖፋራድ ካፓሲተር በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ 0.3 ሚሊአምፔር ያህል ዘወትር ያሳልፋል፤ ብዙ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በአንድ መስመር ላይ ሲደረደሩም፣ 30 ሚሊአምፔር ሲያመልጥ እንዲቆርጥ የተሠራው መከላከያ ያለ አደጋ ሊቆርጥ ይችላል። ይሁን እንጂ የዚህ ፍርድ ማጣሪያውን መንቀል አይደለም፤ የመሬት ሽቦውን መዘርጋትና መስመሮቹን ማከፋፈል ነው። የመሬት ሽቦ የሌለበት ቤት ያለ ማጣሪያም ቢሆን ለሕይወት አደገኛ ነው። ባለ ሦስት ጥርስ ሶኬትን ወደ ባለ ሁለት ጥርስ የሚለውጥ ማገናኛ ሲሸጥም አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት መከላከያ አብሮ እንደሚወገድ መታወቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ክርክር «አቤት ያለ ሰው የለም» የሚል ነው። ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ከየት እንደመጣበት ካላወቀ በምን አቤት ይላል? እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። ከተፈተኑት 9 የኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች 5ቱ አምፖሎችና የብርሃን መቀነሻ በሚፈጥሩት የተቆራረጠ ጅረት ምክንያት ከእውነተኛው በላይ ቆጠሩ፤ ከፍተኛው ስሕተት 582 በመቶ ደረሰ። በዚያ ሙከራ ዋናው ምክንያት በሽቦና በሽቦ መካከል የሚሄደው የመጀመሪያው ዓይነት ረብሻ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል። ቆጣሪው ሲሳሳት ከፋዩ የሚያየው ሒሳቡን ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከአስመጪው፣ ከሻጩ፣ ከተካዩና ከንግዱ ማኅበር የሚፈለገው እንደሚከተለው ሊዘረዘር ይቻላል።

አንደኛ፤ አስመጪው ትእዛዙን ሲጽፍ የቮልቴጁንና የኃይሉን መጠን ብቻ ሳይሆን የረብሻውን ወሰን ጭምር በውሉ ውስጥ ያግባ። ለሞተር ኢንቨርተር በአይ ኢ ሲ 61800 ክፍል 3 የተደነገጉ ደረጃዎች አሉ፤ ሲ1 ለመኖሪያ አካባቢ፣ ሲ2 በመኖሪያ አካባቢ ሆኖ በባለሙያ ለሚተከል፣ ሲ3 ለኢንዱስትሪ ነው። ሲ3 የተጻፈበት ኢንቨርተር መኖሪያ ቤቶችን ከሚመግብ መስመር ጋር እንዲያያዝ የታሰበ አይደለም። ስለዚህ በሠፈር መካከል ላለ ወፍጮ ቤት ይህንኑ መሸጥ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፤ በዕቃው ላይ የታተመ ምልክት ብቻውን እንደ ማስረጃ አይቆጠር። የአውሮፓው ሲ ኢ ምልክት በአብዛኛው አምራቹ በራሱ መግለጫ የሚለጥፈው ነው። አስመጪው የፈተናውን ሪፖርት ይጠይቅ፤ በሪፖርቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥርም ከሚላክለት ዕቃ ጋር አንድ መሆኑን ይመርምር። ከናሙናውም አንዱን ከፍቶ ቾኩና ካፓሲተሮቹ በቦታቸው መኖራቸውን ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሦስተኛ፤ የአገሩ ከፍታ አይዘንጋ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ የብዙ መሣሪያዎች የአየር መለያ ርቀት የሚሰላው እስከ 2000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ በ3000 ሜትር ርቀቱ በ1.14 እንዲባዛ ደንቡ ያዝዛል። እንዲሁም ብዙ አምራቾች ከ1000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የኢንቨርተሩ ጅረት 1 በመቶ ያህል እንዲቀነስ ይጽፋሉ። ማጣሪያውም ሆነ መለወጫው ለዚህ ከፍታ መሠራቱ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

አራተኛ፤ ሻጩና ተካዩ ዕቃውን ከነመመሪያው ያስረክቡ። ማጣሪያው ኃይል ከሚገባበት አጠገብ ይተከል፤ የሚቀመጥበት ብረት ቀለሙ ተፍቆ ገላ ለገላ ይገናኝ፤ ወደ ማጣሪያው የሚገባውና ከማጣሪያው የሚወጣው ሽቦ በአንድ አይታሰር፤ ታስሮ ከተገኘ ረብሻው ማጣሪያውን ዘሎ ያልፋልና። ወደ ሞተር የሚሄደው ኬብል የሽቦ መረብ የለበሰ ይሁን፤ መረቡም በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን በማቀፊያ ይያዝ እንጂ ተገምዶ በአንድ ቀጭን ጭራ አይታሰር። ወደ መሬት የሚያሳልፈው ጅረት ከ3.5 ሚሊአምፔር በላይ የሆነ ኢንቨርተር ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ የመሬት ሽቦ ወይም ሁለተኛ ተጨማሪ የመሬት ሽቦ ይደረግለት። የተቃጠለ ዋይ ካፓሲተርም በተራ ካፓሲተር ፈጽሞ አይተካ፤ ተራው ሲበላሽ የኃይሉን ሽቦ ከመሣሪያው ገላ ጋር አገናኝቶ ገላውን ገዳይ ሊያደርገው ይችላል።

አምስተኛ፤ የንግድ ምክር ቤቶች አስመጪዎችን፣ የፋብሪካ ባለቤቶችንና የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትን ሰብስበው የረብሻ ወሰን በመግቢያ በር ላይ የሚታይበትን ሥርዓት ቢመክሩበት መልካም ነው። ሥርዓቱ በጥቂት የዕቃ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ በመኪና ቻርጀር፣ በፀሐይ ኢንቨርተርና በሞተር ኢንቨርተር ቢጀመር፣ በመጋዘን ያለውን ክምችት ለመሸጥም በቂ ጊዜ ቢሰጥ፣ ማንንም ሳይጎዳ ሊጸና ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕግ ደርሶ ከማስገደዱ በፊት ነጋዴው በፈቃዱ መጀመሩ ነው። በራሱ ፈቃድ ያጣራ ነጋዴ የሚያተርፈው ስም ሕግ አስገድዶት ካጣራው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሁሉም ሰው የሁሉም ጎረቤት ነው። ከአንድ ትራንስፎርመር የሚቀዳ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮና መኖሪያ ቤት አንድ ምንጭ እንደሚጠጣ መንደር ናቸው፤ ምንጩን አንዱ ቢያደፈርሰው ሁሉም ይጠማል። የመለወጫዎቹ ቁጥር ዛሬ ሊቆጣጠሩት በሚቻል መጠን ላይ ሳለ ማጣሪያን የንግዱ ልማድ ማድረግ ቀላል ነው፤ ዕቃው በየግድግዳው ከተተከለ በኋላ ግን ረብሻውን ከየቤቱ እየፈለጉ ማውጣት ብዙ ዓመት የሚፈጅና ማን እንደሚከፍለው የማይታወቅ ሥራ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።